ወደ ግራ ሲዞር የሚጮኸው መሪ

መኪናዋን የገዛሁት ጂግጂጋ ለማስተማር በተመደብኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። መኪና ካሏት መኪና ናት። የኋላ በሯ በትከሻ ካልተገፋ አይዘጋም፤ መስኮቷ ከወረደ በእጅ ተስቦ ነው የሚወጣው። ይሁን፣ ይህን ሁሉ ቻልኩት። ያቃተኝ መሪዋ ነው። ወደ ግራ ጥግ ድረስ ሳዞረው፣ እጄ ክላክሱን ሳይነካ፣ በራሷ ጊዜ “ጢጥ! ጢጥ!” ትላለች። ሁለት ጊዜ ብቻ፣ ከዚያ ጸጥ።

መጀመሪያ የጮኸችብኝ በምሳ ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ከተማው ወና ይሆናል፤ ሱቁ ይዘጋል፣ ወንዱ ጫት ላይ ይቀመጣል፣ መንገዱ ላይ የሚዞረው ንፋስና አቧራ ብቻ ነው። የምከራይበት ግቢ መግቢያ ጠባብ ስለሆነ መሪውን ጥግ ድረስ ሳላዞር አልገባም። ዞርኩ፤ ጮኸች። በሩ ከውስጥ ተከፈተ፤ አከራዬ ዘንጋቸውን ይዘው ቆመዋል። ከኋላቸው ምራታቸው በእርጥብ እጇ፣ ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳታደርግ እየሮጠች መጣች።

“ሶ ዶዎ” አሉ አሮጊቷ። እንኳን ደህና መጣህ፣ ግባ ማለት ነው፤ ለሴትም ያው ነው። ያሉት ግን ወደ እኔ አይደለም፤ ወደ መኪናዋ ጩኸት ነው። እኔስ ምን ልበል? “እኔ ነኝ” አልኩ። ምራታቸው ፊቷ እንደ አመድ ነጥቶ መኪናዋን ውስጧን አየች፣ የኋላ ወንበሩን ሳይቀር። ከዚያ ክንዳቸውን ይዛ መለሰቻቸው።

አከራዬን ሰፈሩ ሁሉ “ሆዮ” ነው የሚላቸው፣ እናት ማለት ነው። ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል። አንድ ልጅ ነበራቸው፣ የጭነት መኪና ሹፌር። እኔ ጂግጂጋ ከመምጣቴ በፊት፣ መንገዱ ክፉ በነበረበት ሰሞን፣ ወደ አፍደም ጭነት ይዞ እንደወጣ ቀረ። መኪናውም፣ እሱም፣ ረዳቱም የውሃ ሽታ ሆኑ። ቤት ሲደርስ በሩ ላይ ሁለት ጊዜ ክላክስ ያደርግ ነበር አሉኝ። ይህን የነገረችኝ ሚስቱ ናት፤ በዚያው ቀን ማታ፣ ዕቃ እያጠበች።

“አባዮ፣ አደራሽን ይህን ክላክስ አሠሪው” አለችኝ። አባዮ እህቴ ማለት ነው፤ እኔም እሷን እንደዚያው ነው የምላት። የባሏ ዘመዶች ሞቷል ብለው ቁርዓን ሊያስነብቡለት፣ እሷም ሐዘኗን ተቀምጣ ስትጨርስ ወደ አባቷ ቤት ወደ ሐርተሼክ እንድትሄድ ሊያደርጉ ሽማግሌ መርጠዋል። ገና ወጣት ናት፤ ልጅም አልወለደችም። “ግን እናቱ በር በር እያዩ እኔ እንዴት ሞቷል ብዬ ልቀመጥ? መኪናሽ በጮኸች ቁጥር እኮ ይነሣሉ። በዚህ ዓይነት መቼም አምነው አያርፉም።”

አንጀቴን በላችው። በማግስቱ የክላክሱን ፊውዝ ነቅዬ ኪሴ ከተትኩት። ተገላገልኩ ስል፣ ካራማራ ዳገት ላይ ጉም ውስጥ ግመሎች መሐል ገባሁላችሁ! ክላክስ የለ፣ ምን የለ። አንዷ አንገቷን በመስኮት አስገብታ ዓይን ለዓይን ተያየን። ነፍሴ ስትመለስ ፊውዙንም መለስኩት።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ያው ሆነ። ደግሞ ይባስ ብሎ፣ ከመዞሬ በፊት በሩ መከፈት ጀመረ። መታጠፊያው ጋ ስደርስ ሆዮ ቆመዋል፣ ምራታቸው አጠገባቸው ናት፤ መኪናዋ የምትጮኸው ከዚያ በኋላ ነው። በስመ አብ! ማን ነው የጠራቸው? አንድ ቀን መኪናዋን ግቢ ላለማስገባት ስል ዋናው መንገድ ላይ አቁሜ በእግሬ ገባሁ። ያን ቀንም በሩ ክፍት ነበር።

ገራዥ ወሰድኳት። ሜካኒኩ ቀልደኛ ሰው ነው፤ “ጂኒ ነው፣ ሼክ ጋ ውሰጃት” ብሎ ሳቀብኝ። ደሜ ፈላ። ኋላ ላይ በደንብ አስረዳኝ። መሪው መሐል፣ እንደ ቴፕ ክር የተጠቀለለ ስስ ገመድ ያለበት ክብ ፕላስቲክ አለ፤ የክላክሱም የኤርባጉም ኤሌክትሪክ በእሱ ነው የሚያልፈው። የእኔው ተልጦ፣ ወደ ግራ ሲጠመዘዝ ብረት ይነካል። የአዲሱን ዋጋ ሲነግረኝ እኔም በተራዬ ሳቅኩ። ቶጎ ውጫሌ ድንበር ላይ ከተፈታች መኪና የወጣ አሮጌ እንደሚያስመጣልኝ ቃል ገባ። ሽማግሌዎቹ የሚመጡት ዓርብ ነበርና ሐሙስ ሳይደርስ እንዲገጥምልኝ ለመንኩት።

ዕቃው የመጣው በዚያው ሐሙስ ነው። ሜካኒኩ መጀመሪያ ባትሪውን ነቅሎ መሬት ላይ አስቀመጠ። “ይህ ሳይነቀል መሪውን ብነካው ኤርባጉ ፊቴ ላይ ነው የሚፈነዳው” አለ፤ ከዚያም የቀረው ኃይል እስኪጠፋ ጥቂት ጠበቀ። መሪውን ፈትቶ “ያዢልኝ” ሲለኝ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። የምሳ ሰዓት ነበር፣ ገራዡም ጭር ብሏል። ስልኬ ጠራ። ምራቲቱ ናት።

“አባዮ፣ የት ነሽ? ለምን አትገቢም?”

“ገራዥ ነኝ። ምነው?”

“አሁን ክላክስሽ ጮኸ። ሆዮ በሩ ላይ ናቸው። ወጣሁ፣ ማንም የለም።”

ባትሪውን አየሁት፤ እግሬ ሥር ነው። መሪው ጭኔ ላይ ነው።

“አንቺም ሰምተሻል?” አልኳት።

“ሰማሁ” አለች። “ሁለት ጊዜ።” ከዚያ ስልኩን ዘጋች። ለሜካኒኩ አልነገርኩትም፤ እንደገና ቢስቅብኝ በመፍቻው እመታው ነበር።

አሮጌው ዕቃ ልክክ አለ። የኤርባጉ ቀይ መብራት እንኳ ጠፋ። መሪውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም ጥግ ድረስ አዞርኩት፣ ዝም። ክላክሱን ስጫነው ብቻ ጮኸ። ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ እስከ ቤት ድረስ የኋላውን ወንበር በመስታወት እያየሁ ነዳሁ። መታጠፊያው ጋ ስደርስ በሩ ዝግ ነበር። ወርጄ ራሴ ከፍቼ ያለ ድምፅ ገባሁ።

ሆዮ ግድግዳው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ቁጢጥ ብዬ፣ “ሆዮ፣ መኪናዋ ተሠራች። ከእንግዲህ በከንቱ አታስነሣዎትም” አልኳቸው።

“እኔን?” አሉ በዚያ በተሰባበረ አማርኛቸው። “ልጄ የነዳ ትልቅ መኪና ነው። እሱ ሲጮህ ይህ ግድግዳ ይንቀጠቀጣል። ያንቺ እንደ ፍየል ግልገል ነው። ዓይኔ ነው የጠፋ፣ ጆሮዬ አለ። ሞተርሽን ከመስጊዱ ጀምሮ እሰማለሁ። ‘ግቢ’ ያልኩ አንቺን ነው።”

“ታዲያ ለምን በር ላይ ይቆማሉ?”

“እሷ ስለምትሮጥ” አሉ፣ ወደ ማድ ቤቱ በአገጫቸው እያመለከቱ። “ብቻዋን ሮጣ፣ ብቻዋን ባዶ መንገድ አይታ ትመለስ? እኔ ልጄን ያኔ፣ በሆዴ ቀብሬዋለሁ። እሷ አልቀበረችም። ‘እናቱ እምቢ አሉ’ ትላለች። እኔም ‘አዎ፣ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩ’ እላለሁ። ሽማግሌ ሲመጣም እንዲህ ነው የምል።”

“ዛሬስ? መሪው ጭኔ ላይ ነበር እኮ። ምን ሰምተው ወጡ?”

“ዛሬ ምንም አልሰማሁ። ዝም ብዬ ተነሣሁ፣ ትሰማ እንደሆን ልያት ብዬ። ‘ሰማሽ?’ አልኳት። ‘ሰማሁ፣ ሁለት ጊዜ’ አለች።” እጄን ፈልገው ያዙ። “አሁን ጠግነሽዋል። ነገ የሚጮህ የለም። እሷ ግን ትሰማለች። እኔ ሳልሰማ ምን ሰማሁ ልበላት?”

እንባዬ መጣ፣ ደግሞም ፈራሁ፤ ለማን እንደፈራሁ እንጃ።

ማድ ቤቱ ውስጥ የሳህን ድምፅ ቆመ። ምራቲቱ ወጣች፣ ሻሿን እያስተካከለች። መንገዱ ላይ ንፋሱ እንኳ አልነበረም። እኛን ሳታየን፣ እርጥብ እጇን በቀሚሷ እየጠራረገች፣ ወደ በሩ ሄደችና ከፈተችው።

ሆዮ እጄን ለቀቁ። ዘንጋቸውን ተመርኩዘው ተነሡና፣ “ቆይ፣ እኔም ሰማሁ” እያሉ ተከተሏት።