የከለከልኩት ምንጭ

ባለቤቴ ወደ ድንበር ጥበቃው ጣቢያ ሲመደብ የተነገረው ሦስት ወር ነበር። እኔም ሦስት ወር ምን አላት ብዬ፣ ነገሌ ያለውን ቤታችንን ለጎረቤት አደራ ሰጥቼ ተከተልኩት። ሁለት ዓመት ተቀመጥን።

ዘመኑ የንጉሡ ነበር። ጣቢያው ከሜጋ አለፍ ብሎ ካለ ተራራ አናት ላይ ነው። ታች ቆላው በፀሐይ ሲነድ እኛ ዘንድ ጉሙ አይነሳም፤ የታጠበ ሸሚዝ ሳይደርቅ ሳምንት ይሞላዋል። ሃያ የሚሆኑ ወታደሮችና አንድ መቶ አለቃ ነበሩ። ሚስቶች ሦስት ነበርን፤ ሁለቱ ብርዱን አልቻሉትም፣ ዝናቡ እንደጀመረ ወረዱ። እኔ ቀረሁ። ለምን እንደቀረሁ ዛሬም በደንብ አላውቅም። መሄድም ጉልበት ይጠይቃል።

ውሃ የምንቀዳው ከተራራው ወገብ ላይ ካለ ምንጭ ነበር። ወሰኑ በምንጩ በየት በኩል እንደሚያልፍ እኛም ከድንበሩ ማዶ ያሉትም የየራሳችን ካርታ ነበረን። ቦረናዎቹ ግን ዘመዳሞች ናቸውና ከሁለቱም ወገን ይመጡ ነበር።

ከማዶ ከሚመጡት መካከል አንዲት ጠና ያሉ ሴት ነበሩ። እኔ በልጅነቴ ነገሌ ከጎረቤት ልጆች ጋር ስጫወት ኦሮምኛ ስለለመድኩ እንግባባለን። «አዮ» እላቸዋለሁ፣ እናቴ እንደማለት ነው፤ እሳቸው ደግሞ «ኢንታላ ኮ»፣ ልጄ፣ ይሉኛል። በመጀመሪያው ሳምንት ዳገቱ ላይ እንስራ ስሰብር አይተው፣ የማዘያውን ገመድ እንዴት እንደማስር ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ መጀመሪያ እኔን ያሸክሙኝና ከዚያ የራሳቸውን ያነሳሉ።

አንድ ጠዋት መቶ አለቃው አስጠራኝ። ጨጓራ የሚያመው፣ እንቅልፍ ያጣ የሚመስል ሰው ነበር።

«በሬዲዮ ትእዛዝ መጥቷል» አለኝ። «ከዛሬ ጀምሮ ከማዶ የሚመጣ ሰው ከምንጩ አይቀዳም። ከኛ ውስጥ ቋንቋውን የሚችል የለም። አንቺ ትነግሪያቸዋለሽ።»

«እኔ እኮ ወታደር አይደለሁም፣ ጌታዬ።»

«አውቃለሁ።» ፊቱን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገ። «ወታደር ብልክ በጠመንጃ ነው የሚነግራቸው። አንቺ ብትሆኚ ይሻላል።»

ሁለት ወታደሮች ከኋላዬ ሆነው ወረድን። አዮ እንደ ወትሮው «አካም፣ ናጋ?» አሉኝ። የባለቤቴን ደህንነት፣ የጉልበቴን ሕመም ጠየቁኝ። ሰላምታው እስኪያልቅ ጠብቄ ነገርኳቸው።

«ውሃው የማን ሆነ አሉ?»

«የመንግሥት።»

«መንግሥት ስንት ከብት አለው?»

የቀለዱ መስሎኝ ቀና ብዬ አየኋቸው። አልቀለዱም። የኔን እንስራ ሞልተው አሸከሙኝ፤ የራሳቸውን ባዶ ዕቃ አንስተው ሄዱ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። ያን ቀን ዳገቱን ስወጣ ሦስት ጊዜ ተቀመጥኩ።

በማግሥቱ ዘመዶቻቸው ስለተከለከሉ ከኛ ወገን ያሉት የቦረና ሴቶችም ቀሩ። ደለሉን የሚያወጡት፣ ጠርዙን በድንጋይ የሚጠግኑት፣ ከርከሮ እንዳይገባ እሾህ የሚያጥሩት እነሱ እንደነበሩ ያወቅነው ያኔ ነው። ወር ሳይሞላ ምንጩ ጭቃ ሆነ። ወታደሮቹ በአካፋ እናጸዳለን ብለው ጠርዙን ናዱት፣ ውሃውም ወደ ውስጥ ሰረገ። ሆድ ቁርጠትና ተቅማጥ ገባብን። ባለቤቴ ተኛ። እኔ ጭቃውን በነጠላዬ እያጠለልኩ፣ እያፈላሁ አጠጣው ነበር።

መቶ አለቃው ድንኳናችን ድረስ መጣ። «ጥሪያቸው» አለኝ።

«ምን ብዬ?»

«እኔ እንጃ። አንቺ ታውቂያለሽ።»

ግማሽ ቀን ተጉዤ መንደራቸው ደረስኩ። አዮ ጥላ ሥር ተቀምጠው ወተት ይንጣሉ። በመንገድ ብዙ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን «ባለቤቴ ታሟል። ምንጩን አበላሽተነዋል» የሚል ብቻ ሆነ። ወተት ሰጡኝ። ከብቱን ወደ ሩቅ ውሃ እንደወሰዱት፣ ሁለት ጥጃ በመንገድ እንደሞተባቸው ነገሩኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር።

በነጋታው አራት ሴቶች ይዘው መጡ። ሦስት ቀን ሙሉ እሳቸው እያዘዙ፣ እኔ እየተረጎምኩ፣ ወታደሮቹ ሸሚዛቸውን አውልቀው ድንጋይ ተሸከሙ። «ቀስ በሉ፣ ዓይኑን ትወጉታላችሁ» ይሉ ነበር፣ ውሃው የሚፈልቅበትን ቀዳዳ እያሳዩ። በአራተኛው ቀን ውሃው ጠራ።

ከዚያ በኋላ ከማዶ ያሉትም እንደ ድሮው መቅዳት ጀመሩ። መቶ አለቃው በየጠዋቱ ሬዲዮውን ይዞ «ከማዶ የመጣ ሰው የለም» ይላል። ምንጩ እሱ ከቆመበት ይታያል።

በመጨረሻ ተተኪዎቹን የያዘ ካሚዮን መጣ። አዲሱ መቶ አለቃ ወጣት ነው፤ ጫማው ያበራል። ፋይሉን ሲረከብ አየሁ፤ ከማዶ የሚመጣ አይቅዳ የሚለው ትእዛዝ አልተሻረም፣ እዚያው ውስጥ አለ። የምንጩን ነገር ልነግረው ፈለግሁ። ሁለት ጊዜ ወደሱ ተራምጄ ተመለስኩ። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ፣ ባለቤቴም ክንዴን ይዞ አሳፈረኝ።

ለምን አልነገርሽውም ሲሉኝ ደክሞኝ ነበር እላለሁ። እውነትም ደክሞኝ ነበር፤ ያቤሎ እስክንደርስ ጭነቱ ላይ ተኝቼ ነው የሄድኩት። ከኛ በኋላ ለሴቶቹ ክልከላውን የሚነግራቸው ማን እንደተገኘ፣ በምን ቋንቋ እንደነገራቸው፣ አልሰማሁም።