አክስቴ ያልፈረመችበት ወረቀት

የእናቴ ታናሽ እህት በውሃ ጉድጓድ ቁፋሮ ድርጅት ወርክሾፕ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት የመሰርሰሪያ ጥርስ ስትስል ኖራለች። ሠራተኛው ሁሉ «የጥርስ ሐኪሟ» ይላት ነበር። በሽተኞቿ ሁለት ክንድ የሚፈትኑ የብረት ጭንቅላቶች ነበሩ፤ ፊታቸው ላይ የባቄላ ፍሬ የሚያካክሉ ድብልብል ጥርሶች ተተክለውባቸዋል። ጥርሱ ሲላጭ ወደ እሷ ይመጣል፤ በሚሽከረከር መሞረጃ ድንጋይ ሞርዳ፣ ድብልብልነቱን መልሳ ትሸኘዋለች። ጣቶቿ እቤትም ቢሆን አያርፉም ነበር። የሻይ ብርጭቆ ስትቀበለኝ እንኳን በአውራ ጣቷ ጠርዙን ትዳብሰው ነበር፤ ዛሬም ብርጭቆ ባነሳሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

አንድ ጠዋት የሳይቱ አለቃ ሦስት የተላጩ መሰርሰሪያዎች በፒክአፕ ጭኖ መጣና ጠረጴዛዋ ላይ ዘረገፋቸው። ቁፋሮው ሰባ ሜትር ላይ ድንጋይ አግኝቶ ቆሟል፤ በአንድ ሳምንት ሦስት ጭንቅላት ተበልቷል። ከኪሱ ወረቀት አወጣ። «በአሳሳል ጉድለት የደረሰ ጉዳት» ይላል።

«ፈርሚ። ከፈረምሽ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ካልፈረምሽ ይሄን ጠረጴዛ እርሺው።»

አክስቴ ወረቀቱን ትታ መሰርሰሪያውን ዳበሰች።

«የመሃሎቹን እይ አለቃ። እንደሰጠኋችሁ ናቸው። የተላጩት የዳሮቹ ናቸው፣ እነሱም ባንድ ጎን።»

«ታዲያ?»

«እኔ ባበላሽ ሁሉንም ነበር የማበላሸው። ይሄ ሲሮጥ የከረመ ነው።»

«ድንጋዩ ጠንካራ ነው ብለውኛል።»

«ድንጋይ መቼ ለስላሳ ሆኖ ያውቃል? በል ውሰደኝ።»

አዲስ የሳለችውን መሰርሰሪያ በካፖርቷ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ሄደች። ከዚህ በኋላ ያለውን የነገረኝ የቁፋሮ ማሽኑ ኦፕሬተር ነው፤ ስትሞት ለቅሶዋ ላይ መጥቶ፣ እያለቀሰም እየሳቀም።

ገና ከፒክአፑ ስትወርድ «ሐኪሟ ቤት ለቤት ማከም ጀመረች እንዴ?» አላት።

«ጥርስ ነቃዩ አንተ ስትሆን ምን ላድርግ!»

ጎንበስ ብላ ማሽኑ ወደ ታች የሚነፋው አየር ከጉድጓዱ ተፍቶ ያወጣውን ዘገነችና እፍ አለችበት። እንደ ጭስ በነነ።

«ወፍጮ ቤት ከፍተሃል። ይሄ ዱቄት ነው። ድንጋይ ተሰብሮ ሲወጣ እንዲህ ነው?»

በጣቷ ወደ ጉድጓዱ ጠቆመች።

«የሚሰብረው ታች ያለው መዶሻ ነው። የማሽኑ ዙር ጥርሱን ከተመታው ቦታ ወዳልተመታው ከማሻገር ሌላ ሥራ የለውም። ስታሯሩጠው ጥርሱ ድንጋይ ላይ ይፋተጋል፣ ያልቃል። ደግሞ ሲጠነክርባችሁ ነው የምታፋጥኑት!»

«ጨርሱ ተባልን» አለ ኦፕሬተሩ፣ አለቃውን እንዳያይ ሰማይ ሰማይ እያየ።

አዲሱን ገጠሙት። ዙሩን አንዴ አስቀነሰችው፣ ደግማ አስቀነሰችው።

«በዚህ መንቀራፈፍ ውሃውን የሚጠጣው የልጅ ልጄ ነው» አለ።

«ይጠጣ። አንተ ቀንስ።»

መጀመሪያ ነጭ አቧራ ወጣ። አለቃው ሰዓቱን አየ። አክስቴ እጇን አየሩ መውጫ ላይ ዘርግታ ቆመች። ቆይቶ መዳፏ ላይ አንድ ነገር ጠቅ አደረጋት፣ ሌላ ተከተለ፤ ምስር የሚያካክል፣ ጠርዙ ስል የሆነ ግራጫ ፍንካች። ወዲያው እንደ በረዶ ይዘንብ ጀመር። በአንድ ሰዓት ውስጥ አራት ሜትር ወረዱ።

አለቃው ጉሮሮውን ጠረገ። «ጎበዝ። ቢሆንም ሦስቱ ጭንቅላት ለፋይል ተጠያቂ ሰው ያስፈልጋቸዋል። ለደንቡ ያህል ፈርሚ።»

«ለደንቡ ከሆነ ‹ጨርሱ› ያለው ይፈርም።»

ወረቀቱን ከእጁ ተቀበለች። የምትፈርም መስሎት እስክሪብቶ አቀበላት። እሷ ግን አንድ እፍኝ ፍንካች መሃሉ ላይ አድርጋ እንደ ዘንጋዳ ቆሎ ጠቀለለችውና ካፖርቷ ኪስ ከተተችው።

ከሥራዋ አላባረሯትም፤ ዕቃ ግምጃ ቤት ወርውረው ብሎን አስቆጠሯት። ጥርስ መሳሉ ለሌላ ተሰጠ። ኦፕሬተሩ ግን የተላጨ መሰርሰሪያውን ወርክሾፕ አልፎ ግምጃ ቤት በር ላይ ያስቀምጥ ጀመር፤ ቢቆጡት፣ ደመወዙን ቢቀጡት ወይ ፍንክች። በሰባተኛው ወር ራሳቸው ወደ ጠረጴዛዋ መለሷት።

ጥቅልሉ አሁን እኔ ዘንድ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አንዴ እንዲሁ በብልጠት «እትዬ፣ ማስጠንቀቂያ ብቻ አልነበር? ፈርመሽ ብትገላገይስ?» ብያት አውቃለሁ።

ቀና ብላ እንደማያውቀኝ ሰው አየችኝ።

«ሌላ ሰው ያበላሸውን የኔ ነው ካልኩ፣ እኔ የሳልኩትን የማን ልበለው?»