ዳቦ ቤት ውስጥ የሚሰጥ ምጽዋት

ባለቤቱ ከባንኮው ጀርባ ቆሞ ነበር። ጋጋሪው፣ ከቤሌ ከተማ የመጣ ሰው፣ የምድጃው ክፍል በር ላይ ክንዱን አጣጥፏል። ከአካል ጉዳተኞች ድርጅት የተመደበችው የሥራ አጋዥ መስኮቱ ሥር ነበረች። የወንድሜ ልጅ በዊልቸሯ ላይ ከባንኮው ጫፍ አጠገብ፤ እኔ ደግሞ ከኋላዋ፣ እጄ የዊልቸሩ መያዣ ላይ። ሁልጊዜም የምቆመው እዚያ ነው።

የወንድሜን ልጅ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። እግሮቿና ቀኝ እጇ አይታዘዙላትም፤ ንግግሯን ከእኔ በቀር ብዙ ሰው አይለየውም። ድርጅቱ ሶዶ ውስጥ ሥራ የፈለገላት ሃያ ዓመት ካለፋት በኋላ ነው። አጋዥዋ የመጣችው ሥራውን አብራት እየሠራች ልታለማምዳትና ቀስ በቀስ ልትለቃት ነው። የወረቀት ከረጢቱን አፍ ከፍቶ የሚይዝ የሽቦ መንጠቆ ብረት በያጅ ዘንድ አሠርታ ባንኮው ላይ አስገጠመችላት። የወንድሜ ልጅ በግራ እጇ ዳቦውን አንድ በአንድ፣ ሳትጨምቅ፣ ትከታለች። ቀርፋፋ ናት። ግን ዳቦ አይወድቅባትም።

ችግሩ በሌላ በኩል መጣ። ደንበኞች ዳቦውን ተቀብለው መልሱን ጭኗ ላይ ያስቀምጡላት ጀመር። «እግዜር ይማርሽ» ይሏታል። አንዲት ሴትዮ ዳቦም ሳትገዛ ሰጥታት ወጣች። የዚያን ዕለት ጠዋት የወንድሜ ልጅ ብሩን በክርኗ ከጭኗ ላይ ጠረገችው። ሰጪው እጇ የተንቀጠቀጠ መስሎት ከመሬት አንሥቶ መልሶ አስቀመጠላት። እኔ ግን እጇ እንዳልተንቀጠቀጠ አውቃለሁ።

ባለቤቱ የሰበሰበን ለዚሁ ነበር።

«ክፉ ሰው አይደለሁም፣ እትዬ» አለኝ። «ግን ያስቡት። እኔ ከምከፍላት ሰው የሚሰጣት ይበልጣል። ደመወዙ ይቅርና ወደ በሩ ጠጋ ትበል። ማንም አይነካትም፤ እኔም እጸድቅበታለሁ።»

«ለእኔም ዊልቸር ይገዛልኝ!» አለ ጋጋሪው። «ይህን ሁሉ ዘመን ሊጥ ሳቦካ አንድ ሰው እግዜር ይማርህ ብሎኝ አያውቅም።»

«አንተን ከየቱ ኃጢአትህ ጀምሮ ይማርህ?» አለው ባለቤቱ።

ሳቁ። የወንድሜ ልጅም ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም፤ አጋዥዋም አልሳቀችም።

«ጋሼ፣ በር ላይ ከተቀመጠች ልመና ነው» አለች። «ለልመና ደግሞ የእኔ እርዳታ አያስፈልጋትም።»

«ታዲያ ሰውን አትስጥ ልበለው? ምጽዋት ይከለከላል?»

አጋዥዋ ወደ እኔ ዞረች።

«እማማ፣ አይቀየሙኝ። እርስዎ ጤና ጣቢያ የሄዱ ዕለት የሰጣት አንድ ሰው ብቻ ነው። ሰው እጁን ኪሱ የሚከተው ሁለታችሁን አንድ ላይ ሲያይ ነው። እርስዎ ነጠላ ለብሰው፣ እንዲህ ከኋላዋ ቆመው…»

«እውነትም!» አለ ባለቤቱ። «ቤቴን የደብር ደጅ አስመስላችሁታል።»

ነጠላዬን ወደ ትከሻዬ ሰበሰብኩ። ውኃ ማን ያጠጣታል አልኩ። አንገቷ ሲዘምባት ማን ያቃናላታል።

«ለጊዜው እኔ» አለች አጋዥዋ። «በኋላ ጋሼና ጋጋሪው ይለምዱታል።»

ጋጋሪው መሬት መሬት ያይ ጀመር።

«እስከ ወሩ መጨረሻ እንየው» አለ ባለቤቱ። «ምጽዋቱ ካልቀረ ወይ በሩ ላይ ትቀመጣለች፣ ወይ ይዘዋት ይሄዳሉ።»

ያን ጊዜ የወንድሜ ልጅ ተናገረች። አንድ ቃል ብቻ ናት፤ ግን እስክታወጣት ብዙ ደከመች። ሁሉም እንደ ልማዳቸው ወደ እኔ ተመለከቱ።

«ምን አለች?» አለ ባለቤቱ።

«ሂጂ አለችኝ» አልኩ።

እጄን ከመያዣው ላይ አነሣሁ። አንድ ደንበኛ ሊገባ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ እርሱን አሳልፌ ወጣሁ።