ከደህና ቦታ የመጣ ሞተር

ባለፈው ሳምንት ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት ወደ መካነ ሰላም ስመለስ፣ ወረኢሉ ላይ ልሳፈርበት የነበረው ሚኒባስ ድምፁ ከአካሉ ጋር አልገጥምልኝ አለ። አካሉ አሮጌ ነው፤ ሞተሩ ግን ጎረምሳ። ረዳቱ "ግቢ እንጂ እህቴ!" ሲለኝ አንድ እግሬን በሩ ላይ እንዳደረግሁ ቆምኩ። የአባቴ ላንድሮቨር ትዝ አለችኝ።

አባቴ ይመር ያሳደገን በዚያች መኪና ከመካነ ሰላም ወግዲ ሰው እያመላለሰ ነው። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ሞተሯ ደከመ። ቤንዚኑን ትጠጣለች፤ ዳገት ላይ ግን ተሳፋሪው ወርዶ ይገፋታል። ክረምቱ እንደወጣ መካኒኩ ሰይድ ከእሷ በብዙ ዓመት የሚያንስ የናፍጣ ሞተር ከነካምቢዮው አመጣ።

"ሰይድ፣ ይህ ነገር ከየት ነው?" አለው አባቴ።

"ከደህና ቦታ ነው ጋሼ፤ አብሽሩ።"

"ደህና ቦታ ስም የለውም?"

ሰይድ ሳቅ ብሎ መኪናዋ ስር ገባ።

ሥራው ቶሎ አላለቀም። ሞተሩ አልገጥም ስላለ የድሮዎቹ የሞተር መቀመጫ ብረቶች ተቆርጠው ሌላ ተበየደ። ካምቢዮውም ረዘም ስለሚል ወለሉ ተቀደደና የማርሹ ዘንግ ወደ ኋላ ሸሸ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጋራዡ ደጃፍ ቆሜ የባቄላ እሸት እየፈለፈልኩ አያለሁ። ሰይድ ሞተሩን በናፍጣ ደጋግሞ ያጥበዋል። ይህን ለአባቴ ስነግረው እራቱን ትቶ አየኝ።

"ምን ሊያጠፋ ነው እንዲህ የሚያጥበው?"

ከዚያ ወዲህ እኔም የሰይድን እጅ በጥርጣሬ እከተል ጀመር።

እኛ ዘንድ ተገልብጦ ሰው ከጨረሰ መኪና የወጣ ዕቃ ይፈራል፤ ደም ደምን ይጠራል ይባላል። ሰይድ ዝም ባለ ቁጥር ወሬው እየገፋ ሄደ። ሞተሩ ዓባይ በረሃ ገደል ከገባ መኪና የወጣ ነው ተባለ። ሥራው ካለቀ በኋላ በመጀመሪያው የገበያ ቀን ጠዋት አባቴ "ዛሬ ሰው ካልተሳፈረ፣ ይህችን መኪና ለቁራጭ ብረት ከመሸጥ ሌላ መንገድ የለኝም" አለኝ።

መናኸሪያው ሞልቷል። ሰዉ ግን ጆንያው ላይ ተቀምጦ ያየናል እንጂ የሚሳፈር የለም። አባቴ ተናዶ "ኑ እዩት!" ብሎ ኮፈኑን ከፈተ። አንድ ነጋዴ አጎንብሶ ሞተሩና ካምቢዮው በሚጋጠሙበት ስንጥቅ ላይ ጣቱን ቀሰረ።

"ይሄ ነጭ ነገር ምንድን ነው? መተት ነው! ደሙን ለማሰር የነሰነሱት ነው!"

የቀረቡት ሁሉ ወደ ኋላ አሉ። እኔ በጥፍሬ ፍቄ አሸተትኩት።

"ሽሮ ሽሮ ይላል" አልኩ። ማንም አልሳቀም።

ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ ግን የሽንኩርት ዘንቢላቸውን መሬት አስቀመጡ። "ይመር፣ እስቲ አስነሳው።" አስነሳው። "ርገጠው!" ረገጠው። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡና በሳቅ ፈረሱ።

"ይሄማ የታችኛው ሰፈር ወፍጮ ነው! ወረፋ ስጠብቅ ጆሮዬን ሲያደነቁረኝ የኖረው!"

ዓይን ሁሉ ጥግ ወደ ቆመው ሰይድ ዞረ። እሱም ወፍጮ ቤቱ መብራት ሲገባለት ሞተሩን እንደሸጠለት አመነ።

"ታዲያ ለምን ደበቅኸኝ?" አለ አባቴ።

"ጋሼ፣ እህል ሲፈጭ የኖረ ሞተር ነው ብልዎ ያስገጥሙት ነበር?"

"አላስገጥምም!"

"ይመር፣ እህሉን ጨርሶ ተራው የኛ ደረሰ በለኛ!" አሉ እትዬ ዘነቡ፣ ጋቢና እየወጡ። "ስንት ዘመን ያጎረስኩትን ነው የምፈራው?" ሴቶቹ እየሳቁ ተከተሏቸው፤ ነጋዴው መጨረሻ ላይ ገባ።

የወግዲን ዳገት ማንም ሳይወርድ ወጣነው። እርሻው በአደይ አበባ ቢጫ ሆኖ ነበር። ሁሉም ቆሎ እየተካፈለ ሲያወራ አባቴ ብቻ ጆሮውን ሞተሩ ላይ ጥሎ ይነዳል። ጫፉ ላይ ስንደርስ ወደ እኔ ዘንበል አለና "እሺ" አለ፤ "ግን ወፍጮ ካምቢዮ ምን ያደርግለታል? ከወፍጮ ቤቱ በፊትስ የት ነበር?"

መኪናዋ ዛሬም በዚያው ሞተር ወግዲ ትመላለሳለች። አባቴም ጠዋት ጠዋት ኮፈኑን ከፍቶ ጣቱን በዚያ ስንጥቅ ያስገባና ያሸታል። ድሮ ይገርመኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ ብዙ ሰው የጫነ ሹፌር ጥርጣሬውን ጨርሶ ባይተው ሳይሻል አይቀርም።

የወረኢሉውን ረዳት "ሞተሩ ከየት ነው የመጣው?" አልኩት።

"ከደህና ቦታ ነው እህቴ፤ አብሽሪ!"

ገባሁ። ግን በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ።