ኢቃማዬ ላይ ሹፌር ነበርኩ

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሳዑዲ መንግሥት የሚያውቀኝ የቤት ሹፌር አድርጎ ነው። ኢቃማዬ ላይ፣ መኖሪያ ፈቃዴ ላይ ማለት ነው፣ እንደዚያ ተጽፏል። እውነቱ ግን መካ፣ ዑተይቢያ ሰፈር ውስጥ የሴት ቀሚስ እሸጣለሁ፤ መሪ ጨብጬ አላውቅም። ያኔ ደላላው ያገኘልኝ ቪዛ የሹፌር ነበር፣ ወሰድኩ። የሐኪም ቢሆንም እወስድ ነበር።

ካፊሌ፣ ማለትም ኢቃማዬ በስማቸው የሚታደሰው ሳዑዲ፣ ጅዳ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ገና እንደመጣሁ "ሂድ፣ ሠርተህ ብላ" ብለው ለቀቁኝ። እኔም በየዒዱ የሀገር ቤት ማር ይዤ እሄድና ግንባራቸውን ስሜ እመለሳለሁ። እንደዚህ ተስማምተን ኖርን።

በኋላ ቁጥጥሩ ጠበቀ። ተቆጣጣሪዎች ሱቅ ለሱቅ እየዞሩ ኢቃማ መጠየቅ ጀመሩ። ሙያህ ሹፌር ተብሎ ቀሚስ ስታጣጥፍ ከተገኘህ ወደ ተርሒል፣ ማባረሪያው እስር ቤት፣ ትገባለህ፤ ከዚያ የሚወጣው በአውሮፕላን ነው። ከሰፈራችን ሁለት ሰው እንደዚያ ሄደ። አንደኛው በኢቃማው አናጺ፣ በሥራው ሻይ አፍይ ነበር።

የሱቄ ባለቤት፣ የመካ ሰው፣ "በእኔ ስም ተዛወር፣ ሻጭ ብዬ አስመዘግብሃለሁ" አለኝና የዝውውሩን ጥያቄ በመንግሥት አፕ ላከ። ቀሪው ነገር ካፊሌ ስልካቸው ላይ "እስማማለሁ" የምትለዋን መንካት ብቻ ነው። በአሥር ቀን ውስጥ ካልነኩ ይሰረዛል። ከተቀየሙ ደግሞ እዚያው ስልክ ላይ "ሁሩብ" ማለት ይችላሉ፤ ሠራተኛዬ ጠፋ እንደማለት ነው። ያ ከተመዘገበብህ ኻላስ፣ አለቀልህ።

ሳምንት ሙሉ ፈራሁ። ሚስቴ ሰለቻት።

"አንተ ሰውዬ፣ ሄደህ ንገራቸው።"

"ቢቆጡስ?"

"ሲቆጡ ጋቢና አስገብተህ ታንሸራሽራቸዋለህ፣ ሹፌሩ!"

ማሬን ይዤ ጅዳ ወረድኩ። ሽማግሌውን ከዘራቸውን ይዘው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ነበራቸው፤ የቤቱ እውነተኛ ሹፌር ደግሞ ለዕረፍት ሀገሩ ገብቷል። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ።

"አላህ ነው የላከህ!" አሉና የመኪናውን ቁልፍ እጄ ላይ አስቀምጠው ከኋላ ገቡ። "ያላ፣ ረፍዶብናል።"

መሪው ፊት ተቀመጥኩ። ለምን እንደተቀመጥኩ ዛሬም አላውቅም፤ ምናልባት ኢቃማዬን ላለማዋረድ ይሆናል። ቀበቶ አሰርኩ፤ እሱን ከታክሲ አውቀዋለሁ። መስታወቱን አስተካከልኩ። ከዚያ ሌላ የማስተካክለው ነገር አጣሁ።

"ምን ትጠብቃለህ?"

"ባባ፣ መንዳት አልችልም።"

"ይህን መኪና?"

"የትኛውንም መኪና።"

በመስታወቱ ሳያቸው አፍጥጠውብኛል።

"ዘጠኝ ዓመት ሹፌሬ ነህ እኮ!"

"አዎ ባባ። አንድ ቀን እንኳ አላጋጨሁብዎትም።"

እስኪያስላቸው ሳቁ። ወደ ሥራ ልትሄድ አባያዋን የለበሰችው ልጃቸው ሳቁን ሰምታ ወጣች። ሲነግሯት እሷም ሳቀችና ቁልፉን ተቀበለችኝ። እሷ መሪ ያዘች፣ አባቷ ጋቢና ገቡ፣ ሹፌሩ ከኋላ ተቀመጠ። ከዚህ በላይ ልዋረድ አልችልም ብዬ ጉዳዬን እዚያው አወጣሁት።

"ባባ፣ የመጣሁት ለዝውውሩ ነው። ሻጭ መሆን እፈልጋለሁ። በወረቀትም ማለቴ ነው።"

ወደ ኋላ ዞሩ። "አንተ ነህ የጠየቅከው? ጥያቄው ከመጣ ሳምንት ሆነው። ሰውዬው አንተን ሳያማክር ሊወስድህ መስሎኝ ይቺን እንዳትነኪው አልኳት። ልጄ ነው፣ አልሰጥም ብዬ!"

እኔ መካ ተደብቄ ስፈራቸው፣ እሳቸው ጅዳ ተቀምጠው ሲጠብቁኝ ኖረዋል። ሁለት ቀን ብቻ ነበር የቀረው።

ክሊኒኩ በር ላይ ልጅቷ መኪናውን አቆመችና የአባቷን ስልክ ተቀብላ ነካች። የእኔ ስልክ ኪሴ ውስጥ ጮኸ። "ካፊልህ ዝውውሩን ተስማምቷል" የሚለውን መልእክት ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ሦስቱንም ጊዜ ያው ነው የሚለው። ግንባራቸውን ስሜ ልሄድ ስል ጠሩኝ።

"ማሩ የማን ነው? የእኔ ወይስ የአዲሱ ካፊልህ?"

ማሩን ሰጥቼ ወደ መካ የሚሄድ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። መንገዱ ላይ ኬላ አለ። ወትሮ እዚያ ከመድረሳችን ብዙ ኪሎ ሜትር አስቀድሜ ቀጥ ብዬ እቀመጣለሁ። ያን ቀን ፖሊሱ ትከሻዬን ነቅንቆ ቀሰቀሰኝ። ኢቃማዬን ሰጠሁት፣ አየና መለሰልኝ። ደግሜ ተኛሁ።