ዛፍ ላይ የቀረው ሰውዬ

ልጅ ሳለሁ የአንድ ሽማግሌ አፍ ዘግቻለሁ። ክፉ ቃል ተናግሬ አይደለም፤ ያደረግሁት ነገር ቢኖር ተረታቸውን እሳቸው ሳይጨርሱት መጨረስ ብቻ ነው። ያኔ በዚህ የተመሰገንሁትን ያህል ከዚያ ወዲህ በምንም ተመስግኜ አላውቅም። ዕድሜዬ አርባን አልፎ፣ አብሮኝ የሚቀመጥ ሰው አንድ በአንድ ሲጎድል ነው ነገሩን ዞር ብዬ ማየት የጀመርሁት።

ቤታችን ከቦንጋ ወጣ ብሎ፣ ወደ ማንኪራ በሚወስደው መንገድ በኩል ነበር። አባቴ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሲሆን፣ ከግቢያችን ጓሮ፣ ከእንሰቱ ጀርባ ደግሞ አጎቱ አባባ አደሎ በአንዲት ጎጆ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። አባባ አደሎ ቀን ቀን ጫካ ገብተው ቀፎ ይሰቅላሉ፤ ማሩን ገበያ ያወጡና ከሰሙ ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ ይሠራሉ። የጧፉ ሥራ የሚሠራው ጀንበር ስትጠልቅ፣ እራት እስኪደርስ ባለው ጊዜ ነው። ሰሙ በገል ላይ ሆኖ በፍም ይቀልጣል፤ እሳቸው የተገመደውን ፈትል በሰሙ ውስጥ እያሳለፉ ይለቁታል፤ አንድ ልጅ ደግሞ ጫፉን ይዞ ወደ በሩ እያፈገፈገ በዝግታ ይስባል። የቸኮለ እንደሆነ ሰሙ አይይዝም፤ የቆመ እንደሆነ ይጓጉላል። የፍሙ ሙቀት፣ የቀለጠው ሰም ሽታ፣ የኩራዙ ጭስ አንድ ላይ ሆኖ ዓይናችንን እያቃጠለን፣ እሳቸው እጃቸው ሳያርፍ ተረት ያወሩልን ነበር።

ያን ጫፍ የምትይዘው እህቴ ዘነበች ነበረች። እኔ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለቴም ስለቸኮልሁ ተከልክያለሁ።

ዘነበች በሦስት ዓመት ትበልጠኛለች፤ አእምሮዋ ግን ዘገምተኛ ነው። አንደኛ ክፍልን ስትደጋግም ቆይታ እኔ ስገባ አንድ ወንበር ላይ አብረን ተቀመጥን፤ ዓመቱ አልቆ እኔ ሳልፍ እሷ እዚያው ስትቀር እናታችን ከትምህርት ቤት አስወጣቻት። ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት ተራዋ ስለሚጠፋባት የሰፈሩ ልጆች አያስገቧትም ነበር፤ ትልልቆቹም ቢሆኑ ለሰላምታ ያህል «ደህና ነሽ ዘኑ» ይሏትና መልሷን ሳይጠብቁ ያልፋሉ። ከሰው እኩል የምትሆንበት ቦታ ያቺ ጎጆ ብቻ ነበረች። ተረት ሲነገር መጨረሻውን ከተራኪው በቀር የሚያውቅ ስለሌለ፣ እዚያ ከእሳቱ ዙሪያ ሁላችንም እኩል አላዋቂዎች ነን፤ እሷም እንደኛ ትፈራለች፣ እንደኛ ትጠብቃለች፣ ከኛ የበለጠ ትስቃለች። አባባ አደሎም ሲያወሩ የሚያዩት እሷን ነበር። እኔ ከጎናቸው ተቀምጬ እሷን ማየታቸው ያቃጥለኝ ነበር፤ ይህንንም ልደብቅ አልፈልግም።

አባባ አደሎ አፋቸውን የፈቱት በካፊኖኖ ነው። አማርኛ የሚያወሩት ለእኛ ብለው ነበር፤ አባቴ «ልጆቹ ትምህርት ቤት እንዳይቸገሩ እባክዎ በአማርኛ ያውሩላቸው» ብሎ ለምኗቸዋል። ስለዚህ በየመሃሉ ቃል ሲጠፋቸው ቆም ይላሉ፤ ጣሪያውን ያያሉ፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ከዚያ ቃሉን አግኝተው ይቀጥላሉ። ዘነበች ያቺን ዝምታ ትወዳት ነበር፤ ትንፋሿን ይዛ፣ የፈትሉን ጫፍ እንደያዘች ትጠብቃቸዋለች። ለእኔ ግን ያቺ ዝምታ ክፍት በር ሆነችልኝ።

መጀመሪያ የገባሁባት ቀን ስለ አንዲት ማር ስለምትሰርቅ ጦጣ እያወሩ ነበር። ቃል ጠፍቷቸው ቆም ሲሉ «እጇ ቀፎው ውስጥ ተይዞ ይቀራል፣ አይደል?» አልኋቸው።

አባባ አደሎ ዞር ብለው አዩኝ። «ማን ነገረሽ?»

«ማንም። አወቅሁት።»

«ጎበዝ ነሽ» አሉኝ። ያኔ እኔ የሰማሁት «ጎበዝ» የምትለዋን ቃል ብቻ ነው። ዘነበች የምትስቅበት ቦታ እንዳለፈ፣ ሳቋን አዘጋጅታ የት እንደምታደርገው ጠፍቷት እንደቀረች ያየሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በትዝታ ነው።

ከዚያ ወዲያ ማን አቁሞኝ። በየምሽቱ እየቀደምሁ መጨረሻውን እናገር ጀመር፤ ስሳሳት አባባ አደሎ «እሱስ አይደለም» ይላሉ በደስታ፣ ሳገኘው ደግሞ «አዎ» ብለው ዝም ይላሉ። እያደር የማገኘው በዛ። ወሬው አባቴ ጆሮ ደረሰ። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ በአንደኛዋ ልጁ ያዘነ ልቡ በሌላኛዋ ሊጠገንለት ፈልጎ ነው። «ይቺ ልጅ እኮ ሰው ሊያስብ ያሰበውን ታውቃለች» እያለ ለመሥሪያ ቤት ጓደኞቹ ያወራ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ወደ ማታ ጋሽ ታደሰ የሚባለውን ባልደረባውን ይዞ ጎጆዋ ገባ። ጋሽ ታደሰ ኮቱ ሰም እንዳይነካው ሰብሰብ ብሎ በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

«አጎቴ፣ እስቲ አንዱን ይጀምሩልን» አለ አባቴ። «ልጅቷ የምትሠራውን ታደሰ ይይልኝ።»

አባባ አደሎ ለረጅም ጊዜ ፍሙን ሲቆሰቁሱ ቆዩ። ከዚያ የፈትሉን ጫፍ ለዘነበች አቀበሏትና «ይሄ ለማንም ያልተነገረ ነው። ለዘነበች ብዬ ነው ያመጣሁት» አሉ። ዘነበች ፊቷ በራ። እኔ ጉልበቴን አቅፌ ተዘጋጀሁ።

አንድ ሰውዬ ነበረ አሉ፤ ከጫካው ሁሉ ረጅም በሆነው የቀረሮ ዛፍ ላይ ቀፎ ሊሰቅል ወጣ። ቀፎውን አስሮ ሲጨርስ የወጣበት ሐረግ ተበጥሶ ከሥር ወደቀ። ሰውዬው እላይ ቀረ። የሰፈሩ ሰው ተጠራርቶ መጣ። አንዱ ብልህ ዛፉ ይቆረጥ አለ፤ ሌላው ብልህ ይዝለልና ቆዳ ዘርግተን እንቀበለው አለ፤ ሦስተኛው ሁለቱም ሞኞች ናቸው አለ። ሲከራከሩ ዋሉና ሲመሽ ሁሉም ወደየቤታቸው ገቡ። ሰውዬው ግን አንዲት ልጅ ነበረችው፤ ነገር ቶሎ የማይገባት፣ ሰው ምክር የማይጠይቃት። እሷ ወደ ቤት አልገባችም። ከዛፉ ሥር ቁጭ ብላ ወደ ላይ እያየች «አባባ አለህ?» ትለዋለች፤ እሱም «አለሁ» ይላታል። በነጋታው ብልሆቹ መጡ፣ ተከራከሩ፣ ሄዱ፤ እሷ «አባባ አለህ?» አለች። በሦስተኛው ቀን...

አባባ አደሎ እዚህ ላይ ቆም አሉ። «ልጅቷም...» አሉና ቃል ጠፋቸው። ጣሪያውን አዩ። የዘነበች እጅ ፈትሉን እንደያዘ አየር ላይ ቆሟል፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ እንደዚያ ያለ ፊት ከዚያ ወዲህ ዳግመኛ አላየሁባትም።

«አወቅሁት» አልሁ። «ቀጭን ፈትል ንብ ላይ ታስርና እላይ ወዳለው ቀፎ ትልካታለች። ሰውዬው ፈትሉን ይስባል፣ በፈትሉ ጫፍ ገመድ ታስርለታለች፣ ገመዱን ስቦ ግንዱ ላይ አስሮ ይወርዳል።»

ጋሽ ታደሰ ጭኑን መትቶ ሳቀ። «ይቺማ ሽማግሌውን ሥራ አስፈታቻቸው። ይቺን አዲስ አበባ ነው መላክ» አለ። አባቴ ራሴን ዳበሰኝ።

«ይሁን» አሉ አባባ አደሎ። «እንደሱ ይሁን።»

ዘነበች ከአንዳችን ወደ አንዳችን ስታይ ቆይታ «አባባ፣ ሰውዬው ወረደ?» አለቻቸው።

«እህትሽን ጠይቂ» አሏት። ቁጣ አልነበረበትም። ደክሟቸው ነበር።

ከዚያ ምሽት በኋላ አባባ አደሎ ተረት አውርተው አያውቁም። ስንለምናቸው «አለቀብኝ» ይላሉ። ሰሙ ይቀልጣል፣ ፈትሉ ይሳባል፣ ማንም ምንም አይልም። ኋላም አባቴ «ተረት ከሌለ ኩራዙ እዚያ ምን ይሠራል» ብሎ እኔ እንዳጠናበት ወደ ቤት አመጣው፤ እነሱ በፍሙ ብርሃን ብቻ ይሠሩ ጀመር። እኔ ደብተሬ ላይ አቀርቅሬ ቀና ስል፣ በጓሮው መስኮት የጎጆዋ በር ደብዝዞ ቀልቶ ይታየኛል።

ዘነበች ለሳምንታት ያንኑ ጥያቄ ይዛ ትዞር ነበር። አንድ ቀን ሰልችቶኝ «ወረደ አልሁሽ እኮ! ስንቴ ልንገርሽ?» ብዬ ጮህሁባት። እሷ ግን በእርጋታ «አንቺ ነሽ ያወረድሽው። አባባ አላወረዱትም» አለችኝ። ያኔ ሞኝነቷ ነው ብዬ ስቄባታለሁ። በትምህርት ቤት ሁሉ አንደኛ እየወጣሁ፣ ኮሌጅ ጨርሼ፣ እንዲህ ያለ አንድ ዓረፍተ ነገር የተናገርሁበት ቀን እንዳለ ግን አላስታውስም።

እኔ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ አባባ አደሎ አረፉ። ዘነበች ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ ለብዙ ቀን ጎጆዋ ደጃፍ ላይ ትቀመጥ ነበር፤ ከዚያ መቀመጡንም ተወችው። ከሰው ጋር መነጋገሯ በዚያው ቀረ። አትኮርፍም፣ አታለቅስም፤ ሲጠሯት ትመጣለች፣ ሲያዟት ትሠራለች። እናቴ «ዘኑ ዕድሜዋ ሲገፋ ረጋች» ትል ነበር። እኔ ግን ምን እንደሆነ አውቅ ነበር፤ አውቄም ዝም አልሁ።

እኔ በዚያች የዝምታ በር ዘሎ መግባት አመል ሆነብኝ። ቦንጋ መሥሪያ ቤት ተቀጠርሁ፤ ስብሰባ ላይ ሰው ሐሳቡን ሲጀምር እኔ እጨርስለታለሁ፤ ብዙ ጊዜም ልክ ነኝ። አንዲት ባልደረባዬ እየሳቀች «እትዬ፣ የምንለውን ካወቁት እኛ ለምን ተጠራን?» አለችኝ። ሌሎቹም ሳቁ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ባለሁበት የሚናገር ሰው አነሰ። ባለቤቴ ደግሞ ሲናገር ቀስ የሚል፣ ነገሩን አዙሮ አዙሮ የሚያመጣ ሰው ነበር። «ካንቺ ጋር ማውራት ፈተና እንደመቀመጥ ነው» አለኝ አንድ ጠዋት ጫማውን እያሰረ። በዝውውር ወደ ደካ ሄደ፤ መጀመሪያ በየአሥራ አምስት ቀኑ ይመጣ ነበር፤ አሁን ለበዓል ይደውላል። ስልኩ ላይ እንኳ ዝም ሲል የሚቀጥለውን ቃሉን አውቀዋለሁ፤ ምላሴን ነክሼ ብጠብቅም፣ እየጠበቅሁት መሆኔ ይሰማዋል መሰለኝ፣ «በይ ደህና ሁኚ» ይለኛል።

እናታችን ካረፈች ወዲህ ዘነበች ከእኔ ጋር ናት። አንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ሴቶች ነን። ማታ ስገባ «በላሽ?» እላታለሁ፤ «በላሁ» ትለኛለች። የውሎዬን ልነግራት ስጀምር ፊቷ ላይ ያ የትምህርት ቤቱ ድንጋጤ ይመጣል፤ ያልገባት እንዳይታወቅባት ቶሎ ቶሎ «እሺ፣ እሺ» ትላለች። እሷ ልትነግረኝ ስትጀምር ደግሞ ገና አፏን ስትከፍት ስለ ጎረቤት ዶሮ እንደሆነ አውቄዋለሁ፤ አለማወቅ አልችልም። ሰዎች ዕውቀት የሚበልጠው ሰው ለሚያንሰው ዝቅ ቢል ይገናኛሉ ብለው ያስባሉ። እኔ ሞክሬዋለሁ። ዝቅ ማለቴን ታውቅብኛለች።

ባለፈው ክረምት መብራት በጠፋበት አንድ ምሽት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ሻማ አብርቼ አጠገቧ ተቀመጥሁ። ሠላሳ ዓመት ያንገበገበኝን ነገር ልናገር ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«ዘኑ፣ ያንን ዛፍ ላይ የቀረውን ሰውዬ ተረት ላውራልሽ?»

አሰበች። ከዚያ ጠግቦ ሳለ «ጨምር» እንደተባለ ሰው እጇን አወዛወዘች። «አይ፣ ይቅርብኝ። አንቺ ስታወሪው ቶሎ ያልቃል።»

«ያኔ ስለቆረጥሁብሽ ይቅር በይኝ።»

«ምን አደረግሽኝ?» አለች ግራ ተጋብታ። «ምንም አላደረግሽኝም እኮ።» ፈርታ ነበር፤ ያልገባት ሌላ ጥያቄ የተጠየቀች መስሏታል። ስለዚህ «ተይው፣ ምንም አይደለም» አልኋት፤ እሷም «እሺ፣ እሺ» አለችኝ።

የአባባ አደሎ «ልጅቷም...» ከዚያ ወዲህ ከጆሮዬ አልወጣም። ብዙ መጨረሻ ሠርቼለታለሁ፤ ሁሉም ብልሃት ነው፣ ሁሉም ሰውዬውን ያወርዳል፣ አንዱም ግን የእሳቸው አይመስልም። አንዳንዴ ሳስበው ሊያወርዱትም ሐሳብ አልነበራቸውም፤ ልጅቷ ከሥር ተቀምጣ «አለህ?» እያለች፣ እሱም «አለሁ» እያለ እንዲቀጥል ብቻ ፈልገው ይሆናል፤ ይህ ደግሞ ለእኔ ተረት አይሆንልኝም፣ መጨረሻ ካላበጀሁለት አላርፍምና። ልክ መሆኔንም የሚነግረኝ የለም። እሳቸው ከሞቱ ቆዩ፤ አባቴም በእኔ እንደኮራ አለፈ፤ እህቴ ደግሞ የበደልኋትን አታውቀውም፣ ወይም አውቃ ቃል ጠፍቷታል፣ እኔም ቃሉን ላቀብላት አልደፍርም።

ስለዚህ ይቅርታ የምጠይቀው ሰው አጥቼ ይህን የምታነቡትን እናንተን እጠይቃለሁ። እህቴን ከሰው እኩል ከሆነችበት ብቸኛ ቦታ ያስወጣኋት እኔ ነኝ። እባካችሁ ይቅር በሉኝ።