ለአባቴ አውሮፕላን የሚበቃ ሞተር

አባቴ በወጣትነቱ ጎሬ ሜዳ ላይ ለሚያርፉት አውሮፕላኖች ዕቃ ጫኝ ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላ መቱ በሚገኘው ቤታችን ሳሎን ውስጥ አንዱን በትንሹ አስመስሎ ሊሠራ ተነሳ። ክንፉን ከቴሌቪዥን ማሸጊያ ፎም ቀረጸ፣ ውስጡ ወንበር ደረደረለት፣ ሆዱን ቀይ ቀባው። የፎሙን ፍርፋሪ በጠረግኩ ቁጥር እነጫነጭ ነበር። የዓይን ሐኪሙ የጠፋው እይታ እንደማይመለስ፣ የቀረውም ቀስ በቀስ እንደሚሄድ ከነገረን ወዲህ ግን አፌን ያዝኩ። ሲበር ሳያየው እንዳይቀር ፈራሁ።

የቀረው ሞተር መምረጥ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ትልቁን ግዛ አለው። እኛ ጋ የቡና መፈልፈያ የሚገዛም፣ ጄኔሬተር የሚገዛም አይበቃኝ ይሆናል ብሎ ከፍ ያለውን ነው የሚያነሳው። አባቴ ግን አሻፈረኝ አለ።

"ትልቁ እንደ ባጃጅ ያከንፈዋል፤ እኔ ዞር እስክል የለም። ቀስ አድርጎ የሚያነሳው ይበቃኛል፣ ልጄ።"

አዲስ አበባ ያለው ሞተር ሻጭ በስልክ የአውሮፕላኑን ክብደት ጠየቀን። አባቴ የሚያምነው ሁሩሙ ያለውን የማር ነጋዴ ወዳጁን ሚዛን ነው። በገበያ ቀን አውሮፕላኑን ካርቶን ውስጥ አስተኝተን በሚኒባስ ወሰድነው።

"አካም፣ ጋሼ። ዛሬ ደግሞ ምን ዓይነት ማር አመጡልኝ?" አለ ነጋዴው እየሳቀ። ክንፉ እንዳይሰበር ከነካርቶኑ ሚዛን ላይ አስቀመጠውና ክብደቱን ነገረን። መቱ ስንመለስ አባቴ ባዶውን ካርቶን ሰፈራችን ሱቅ አስመዝኖ ቀነሰ። የቀረውን ለሻጩ ነገርነው፤ ሞተሩም መጣ።

ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ስንሞክረው አውሮፕላኑ ሣሩን እየታከከ ሮጠ እንጂ አልተነሳም። አባቴ አጠገቡ ቁጭ አለ። እኔ ለማር ነጋዴው ደወልኩ።

"ያን ቀን የነገሩን ከነካርቶኑ ነው?"

"ኧረ እህቴ፣ ካርቶኑንማ ገምቼ ቀንሻለሁ። የመያዣውን ሳልቀንስ ክብደት ተናግሬ አላውቅም።"

ለካ አንድ ካርቶን ሁለት ጊዜ ተቀንሶ ሞተሩ አንሶበታል። ሳቄ መጣ፤ አባቴ ግን አልሳቀም። ሌላ ሞተር እስኪመጣ ክረምቱ ይገባል፣ ኢሉባቦር ደግሞ ክረምት ከገባ ቶሎ አይወጣም። ዓይኑ እስከዚያ ይጠብቀው እንደሆነ ማን ያውቃል።

ቤት እንደገባን ምላጭ አነሳና ወራት የፈጁበትን ወንበሮች ይነቅል ጀመር። ቀጥሎ አሻንጉሊት አብራሪውን፣ ከዚያም እሱ ዕቃ ይጭንበት የነበረውን በር። ቀለሙንም እንፋቀው ስለው፣ "እሱን ተይው። የማየው በሱ ነው" አለኝ።

እሁድ ሰማዩ እንደ ልማዱ ደመና ነበር። መቆጣጠሪያውን እኔ ያዝኩ፤ እሱ ከዘራውን ተደግፎ ቆመ። አውሮፕላኑ ተንደረደረ፣ ከዚያ ልክ እሱ እንደተመኘው ቀስ ብሎ ተነሳ። ታየዋለህ ወይ ብዬ መጠየቅ ፈራሁ። አይ ቢለኝ ምን እላለሁ? ሰማዩን ትቼ የእሱን ፊት አያለሁ።

"እኔ ላይ ምን አስፈጠጠሽ?" አለ። "ባሕር ዛፉ ውስጥ ሊገባልሽ ነው፤ ወደ ግራ መልሺው።"

መለስኩት። የአባቴም አንገት አብሮት ወደ ግራ ዞረ።